ሚኒሶታ ያላችሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ገለባ መቼ እናልብሰው?

ኦክቶበር ላይ የተከላችሁትን ነጭ ሽንኩርት ወዲያው አትሸፍኑት፣ ትንሽ ታገሱ። ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ አፈሩ በረዶ ሊሰራ ሲል ነው ሰዓቱ፣ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር ላይ ነው። ቀድማችሁ ካለበሳችሁት አፈሩ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ አይጥም ቤቷን ትሰራበታለች።

ብዙ ሰው ገለባው ለማሞቅ ይመስለዋል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን የቀዘቀዘውን አፈር እንደቀዘቀዘ ማቆየት ነው፣ ምክንያቱም ዊንተር መሃል ቀን ሞቅ ሲል አፈሩ ይሟሟል ማታ መልሶ በረዶ ይሰራል፣ እንደዛ ሲያብጥ ሲሟሽሽ ፍልቃቂውን ከነስሩ ወደ ላይ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ያኔ አለቀለት።

ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ኢንች ይሁን። ስትገዙ ደግሞ እባካችሁ እስሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፦ ገለባ ቢጫ ነው፣ አገዳው ውስጡ ባዶ ነው፣ አረንጓዴ ነገርና ዘር የያዘ የሳር ራስ ካያችሁ ድርቆሽ ነውና ተዉት፣ ዘሩ በጋውን ሙሉ አረም ያስለቅማችኋል። የዛፍ ቅጠልም ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ በሳር ማጨጃው ሂዱበትና ይቆራረጥ፣ ሙሉውን ከሆነ ሲረጥብ ተጣብቆ አየር ይከለክላል።

በረዶ ከላዩ ሲወርድ አትጥረጉት፣ እሱም ልብስ ነው።

ኤፕሪል ላይ አረንጓዴው ጫፍ ብቅ ሲልና ከባዱ ውርጭ ሲያልፍ ገለባውን ከላዩ አንሱና በመስመሮቹ መሃል አድርጉት፣ አረም ይይዝላችኋል።