ስለ ጅቡቲ ሲወራ ትችትን ከንቀት መለየት፦ ለሰሜን ሸዋ የሬዲዮና የዩቲዩብ ውይይት አዘጋጆች

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋሮቢት ላይ ስለ ወደብ ውይይት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ተንታኙ ስለ ወደብ ክፍያ ይጀምርና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አገሩንና ሕዝቡን ወደ ማናናቅ ይዞራል። ከታች ያለው አሠራር ንቀቱን ከንግግሩ ነቅሶ ለማውጣት ነው። «ክፍያው ከበደን» የሚለው ክርክር ግን አይነካም፤ እንዲያውም ንቀቱ ሲወጣለት ይጠነክራል።

መጀመሪያ ከተቀዳው ፕሮግራም አሥር ደቂቃ ያህል ምረጡና ቃል በቃል ጻፉት። ማጠቃለል አይሠራም። በአማርኛ ንቀት የሚቀመጠው በስድብ ቃል ሳይሆን በትንንሽ ቃላት ስለሆነ፣ ሲጠቃለል አብሮ ይጠፋል። ሳቅና ዝምታም በቅንፍ ይግቡ፤ «ጅቡቲ» ሲባል ጠያቂው ከሳቀ ያ ሳቅ አስተያየት ነው።

ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ አስምሩ። በመጀመሪያ የምትፈልጉት «እንኳ»ን ነው። «ጅቡቲ እንኳ ወደብ አላት» ሲባል ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን «እንኳ» የማይገባት ሰው ያገኘችው ዕቃ ያስመስለዋል። ቃሏን ሰርዙና እንደገና አንብቡ፤ ትርጉሙ ካልተጎዳ ትውጣ። «ይቺ ጅቡቲ» ሌላው ነው። አገርን በአንስታይ ጾታ መጥራት የአማርኛ ወግ ነው፣ ኢትዮጵያንም እንዲሁ እንጠራለን። «ይቺ» ከፊት ስትመጣ ግን በጣት እንደ መጠቆም ናት። «አገር ተብዬ» ያለ ክርክር ይሰረዝ። «ለመሆኑ ምን አላት?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ጠያቂው እንደ እውነተኛ ጥያቄ ወስዶ «እስቲ ንገሩን» ይበል፤ ተንታኙ መልስ ከሌለው አድማጩ ራሱ ይሰማዋል።

አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አክብሮትን ነው። ስለ ራሳችን ባለሥልጣን «እርሳቸው» ብሎ የተናገረ ሰው፣ ስለ ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ዑመር ጉሌ ሲደርስ «እሱ» ካለ ልዩነቱን ሆን ብሎም ይሁን ሳያስብ አስቀምጦታል። አንዱን ምረጡ፤ በፕሮግራሙ ሙሉ ለሁሉም ወይ «እርሳቸው» ወይ «እሱ» ይሁን።

የሚያጠራጥር ዓረፍተ ነገር ሲገጥም ስም ቀይሩ። «ጅቡቲ» በሚለው ቦታ «መንዝ» ወይም «ደብረ ብርሃን» አስገቡና፣ አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠ ተንታኝ ሲናገረው አስቡት። «ደብረ ብርሃን ከብርድ በቀር ምን አላት?» ቢባል ስልኩ አይቆምም። ሙከራው የሚከሽፈው ዓረፍተ ነገሩ በቁጥር የተደገፈ ሲሆን ነው፤ ያኔ ወደ ቁጥሩ እንሂድ።

«አንድ ክፍለ ከተማ የምታክል» የሚለውን በመለኪያ መልሱ። የጅቡቲ ስፋት 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሰሜን ሸዋ ዞን ደግሞ 16,000 አካባቢ። የጅቡቲ ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ነው። ትንሽ ናት ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከምንሰበሰብባት ዞን ትሰፋለች። «ደሃ ገንዘብ» ለሚል ደግሞ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ላይ እንደታሰረ ንገሩት። ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ፤ ነፃነቷን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ሲሆን በእነርሱ አቆጣጠር 1977 ነው። ተንታኞች ሁለቱን ሲቀላቅሉ ሰባት ስምንት ዓመት ይሸሻል፤ ስለዚህ በጽሑፉ ላይ የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ ይታይ።

«ትናንት የተፈጠረች» ሲባል ለሰሜን ሸዋ አድማጭ የሚቀርበው መልስ አንኮበር ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች የዛሬዋ ጅቡቲ ወደብ በሆነችው ታጁራ ወርደው በአፋር በረሃ አድርገው አንኮበር ወደ ነበሩት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥተዋል። እዚያው ጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ጨውም በአፋር ግመሎች አንኮበር አጠገብ ወዳለው የአልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር። መንግሥቱ አዲስ ነው፤ በሩ አሮጌ ነው። ይህን ግን ለጌጥ አታምጡት፣ ለቀረበው አባባል መልስ ሲሆን ብቻ።

ቀጥሎ የጥገኝነቱን አቅጣጫ ፈትሹ። «ያለ እኛ አንድ ቀን አትውልም» የሚል ተንታኝ ግማሽ እውነት ይዟል፦ ጅቡቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእኛ ኤሌክትሪክ ትወስዳለች፣ የመጠጥ ውኃም ከሶማሌ ክልሉ አዲጋላ አካባቢ በቧንቧ ይሄዳል። ሌላው ግማሽ ሳይነገር ግን መውጣት የለበትም። ከ1998 እ.ኤ.አ. የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ንግዳችን ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አሁንም ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ያልፋል። ከ750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ባቡርም የጋራ ንብረት ነው። (የኢንተርኔታችን አንዱ መውጫ በጅቡቲ በኩል ስለሆነ፣ ጅቡቲን የሚያጣጥለው ቪዲዮ በጅቡቲ ገመድ አልፎ ሊሆን ይችላል።) አንድ አቅጣጫ ከተነገረ ሌላው በዚያው ደቂቃ ይነገር፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ከተላለፈ የሚሰማው ሌላ ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው «ጅቡቲዎች» የሚል ጅምላ ቃል ነው። ክፍያ የሚተምነው ወይ መንግሥት ነው፣ ወይ የወደብ አስተዳደር ነው፤ የታወቀው ይጠራ። በጅምላ ሲሆን ቃሉ ድንበር አይገድበውም፤ እዚያ ያሉት አፋርና ሶማሌዎች እዚህም አሉ፣ ሰሜን ሸዋም በምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። «እነዚህ በረኸኞች» የሚል ቃል ከስቱዲዮ ሲወጣ የሚደርሰው ጅቡቲ ሳይሆን አፋርና አማራ የሚገበያዩበት የሰንበቴ ገበያ ነው። ብሔርን መሠረት ያደረገ ጥላቻ ከሆነ ደግሞ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ የጣቢያው ኃላፊ ሳያየው አይለቀቅ።

የቀጥታ ስርጭት ላይ እርሳስ ለማንሳት ጊዜ የለም። አቅራቢው ሁለት አባባል በእጁ ይያዝ፦ «ስለ መንግሥቱ ነው ወይስ ስለ ሕዝቡ?» እና «ቁጥሩን ይጨምሩልን»። ደዋዩን መስደብም ሆነ ማስተማር አይሠራም፤ ረጅም ተግሣጽ ከተሰጠ የሚቀጥሉት ደዋዮች ስለ ጅቡቲ ትተው ስለ አቅራቢው ያወራሉ።

ዩቲዩብ ላይ የሚበላሸው ርዕሱ ላይ ነው። ውይይቱን ያረመው አንድ ሰው፣ ርዕስና ምስል የሚሠራው ሌላ ከሆነ፣ የተሰረዘው «ይቺ» በቀይ ፊደል ተመልሶ ይመጣል። ርዕሱን ያው አራሚ ይፈርምበት። አጭር ቁራጭ ሲቆረጥም «ያለ እኛ አትውልም» የሚለው ብቻውን እንዳይወጣ፣ ከመልሱ ጋር አብሮ ይቆረጥ።

ሌላው ስህተት ወደ ተቃራኒው መገልበጥ ነው። ንቀቱን አውጥቶ «ወንድም የጅቡቲ ሕዝብ» እያሉ ማሞገስ ትችቱን ይገድለዋል፤ ስለ ኮንቴይነር መዘግየት ሊጠይቅ የመጣ ነጋዴም ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ያመለጠ ካለ በሚቀጥለው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቅራቢ ድምፅ ይታረም። የተሳሳተውን አባባል አትድገሙት፤ ትክክለኛውን ቁጥር ወይም ስም ብቻ ተናገሩ፣ ሃያ ሰከንድ ይበቃል። የታረመው ቀንና ሰዓትም በስቱዲዮው መዝገብ ይጻፍ።