መስከረም የሞላው ኩሬ ኅዳር ላይ ሲደርቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ክረምቱን ጢም ብሎ የሞላ የመንደር ኩሬ ኅዳር ሳይጋመስ ጭቃው ብቻ ይቀራል።

ሁሉም ፀሐይን ይከሳል። ምልክት ያለው እንጨት ውሃው ውስጥ ትከሉ። ማታ ከብቱ ጠጥቶ ሲሄድ አንብቡት፣ ጠዋት ከብት ሳይመጣ ድገሙት። ሌሊት የሚተነው ጥቂት ነው። አንድ ጣት ያህል ከወረደ ኩሬው እያሰረገ ነው።

ምክንያት፦ ደጋግሜ የማየው የደለል ጠረጋ ጣጣ ነው። ደለል ልል ነው፣ አካፋ ይቀበላል። ከሥሩ ያለው ውሃ የሚይዘው ሸክላ ግን ጠንካራ ነው፣ በቁርጥራጭ ይነሳል። እዚያ ላይ ማቆም ሲገባ ጭራሽ ይብሱበታል። አንድ መንደር ማሽን በሰዓት ተከራይቶ «ከመጣ አይቀር» ብሎ ግማሽ ሜትር አስጨመረ። ጠጠር ወጣ፤ ጠለቀልን ብለው አጨበጨቡ። ክረምት ሞላ፣ ዝናቡ እንዳባራ ባዶውን ቀረ።

መፍትሄ፦ በበጋ ሸክላውን መልሱ። አፈሩን አርሳችሁ በጣት ስትገፉት እንደ ጥብጣብ ሳይበጠስ 5 ሳንቲ ሜትር ካልወጣ ሌላ ፈልጉ። 15 ሳንቲ ሜትር እያነጠፋችሁ፣ አርጥባችሁ ጠቅጥቁ፤ ተጠቅጥቆ ቢያንስ 30 ይድረስ። ሲጨበጥ የሚይዝ እንጂ ውሃ የሚያንጠባጥብ አይሁን። መጠቅጠቂያ ከሌለ በሬ እንደ አውድማ አዙሩበት። ወለሉን ብቻ ሠርቶ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ ጎኑም እስከ ውሃው ልክ ይለበስ። ጎኑ 1 ሜትር ሲወርድ 2 ሜትር ካልተጋደመ ጥቅጠቃው አይይዝም። አፈሩ መረሬ (ጥቁር ሸክላ) ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሥራውን ወደ ዝናቡ አስጠጉ፣ እስኪዘንብም አርጥቡት። በመጨረሻ የሸክላው ልክ ላይ ድንጋይ ቅበሩ፤ የሚቀጥለው ጠራጊ እዚያ ሲደርስ ይቁም።

ላስቲክስ? ምንጃር ሸንኮራ ላይ በየጓሮው በጂኦመምብሬን (ለኩሬ ማልበሻ በሚሆን ወፍራም ላስቲክ) በተለበጠ ኩሬ ሽንኩርት ችግኝ ያፈላሉ፣ ይሠራል። ከብት የሚገባበት ኩሬ ላይ ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ሰኮና ይበሳዋል። ነጋዴው ጂኦመምብሬን ብሎ የሚሸጠው ስስ ሸራም ፀሐይ ላይ ይፈረካከሳል። ደግሞ የላስቲክ ጎን ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ ዋና ቢችልም አይወጣም። ቋጠሮ ያለው ገመድ ችካል ላይ አስራችሁ ወደ ውስጥ ልቀቁ። አጥሩም። አጥሩም!

ክትሩ ከተናደ፦ የትርፍ ውሃ መውጫው ከክትሩ አናት ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ በድንጋይ ይነጠፍ።

የፍልፈል ጉድጓድ፦ እስከ መጨረሻው ቆፍራችሁ በሸክላ ጠቅጥቁ። አፉን ብቻ መድፈን አይረዳም።

ደለል ቶሎ ከሞላ፦ መግቢያው ላይ የደለል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ጥረጉት። ከብቱም ከአጥር ውጭ ገንዳ ላይ ይጠጣ።