የምናውቃቸው የሚመስሉን የድሮ እንግሊዝኛ ቃላት

እንግሊዝኛን ከኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ለመልመድ የሞከርን ብዙ ነን። በ1611 ታትሞ የወጣ ትርጉም ነው። እኔም አንድ ሰሞን አማርኛውን በግራ፣ እሱን በቀኝ ዘርግቼ አነብ ነበር። ያስቸገረኝ የማላውቀው ቃል አይደለም፤ እሱንማ መዝገበ ቃላት ገልጬ እገላገለዋለሁ። ጉድ የሠራኝ የማውቀው የመሰለኝ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ የለመዱትን ቃል በዛሬ ፍቺው ማንበብ። ሮሜ 1፥13 ላይ ጳውሎስ ወደ ሮም ለመምጣት ብዙ ጊዜ እንዳሰበ ይናገርና «ሌት» የምትል ቃል ያስከትላል። ዛሬ «ፍቀድ፣ ተው» ማለት ስለሆነች «እስካሁን ተፈቅዶልኛል» ብዬ ተረዳሁት። ከተፈቀደለት ታዲያ ምን ያዘው? ወደ አማርኛው ስዞር «ተከለከልሁ» ይላል። ለካ ጥንት ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ፤ አንዱ መፍቀድ፣ ሌላው ማገድ፤ በኋላ ድምፃቸው አንድ ሆነ። የማገዱ ዛሬ ከአፍ ቢጠፋም በብሪታንያ ፓስፖርት ውስጥ ግን አለ። ተጓዡ «ያለ ሌት ወይም መሰናክል» እንዲያልፍ ይጠየቅለታል።

እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። «ሰፈር» መሰቃየት ብቻ ሳይሆን መፍቀድም ነበር፤ ጌታ ሕፃናቱን «ተዉአቸው ይምጡ» ያለው በዚህ ቃል ነው። ዛሬ መከላከል የሆነው «ፕሪቬንት» መቅደም፣ ዛሬ ፈጣን የሆነው «ክዊክ» ሕያው ነበሩ። ዛሬ ሥጋ የሆነው «ሚት» ማንኛውም ምግብ ነበር፤ ዘፍጥረት 1፥29 ላይ ሣርና ፍሬ «ሚት» ይባላሉ። «ኮርን»ም እህል ነው እንጂ፣ የዮሴፍ ወንድሞች በቆሎ ሸመታ ግብፅ አልወረዱም። በቆሎ የአሜሪካ ልጅ ነው።

«ዛው» የክብር አጠራር የሚመስላቸውም አሉ፤ እግዚአብሔር በእሱ ስለሚጠራ ይሆናል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። «ዛው» አንተ ወይም አንቺ ነው፤ «ዩ» ግን እናንተ ነበር፣ ኋላም ለአንድ ሰው ሲሆን እርስዎ። እኛስ አምላካችንን «አንተ» እንል የለ? በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ተከሶ ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ «አንተ ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ!» ብሎ ጮኸበት። ትልቅ ሰው በሽማግሌዎች ፊት «አንተ» ሲባል አይቶ ለሚያውቅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ኩዌከሮች የሚባሉት አማኞች ደግሞ ሹሙንም ድሃውንም እኩል አንተ በማለታቸው ዱላ ቀምሰውበታል።

ከዚሁ ጋር፣ ለቀልድ ጥንታዊ ለመምሰል በየግሱ ጫፍ «ኤዝ» መለጠፍ አለ። «ኤዝ» የእሱና የእሷ ነው፤ «ኤስት» የ«ዛው»። «አይ ጎዌዝ» ያለ ሰው «እኔ ይሄዳል» እንዳለ ነው።

«ዌርፎር» የት ማለት አይደለም፤ ለምን ማለት ነው። ጁልየት ሰገነት ላይ ሆና «ሮሜዮ የት ነህ?» አላለችም፤ የጠላት ቤት ስም መያዙ አንገብግቧት «ስለምን ሮሜዮ ሆንክ?» አለች እንጂ።

በእንግሊዝ አገር በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የሚጻፈው «ዬ ኦልድ» («ጥንታዊው» ለማለት ነው) ሲነበብ «ዘ ኦልድ» ነው። እንግሊዝኛ «ቶርን» የሚባል ፊደል ነበረው፤ በእጅ ጽሕፈት ከ«ዋይ» ጋር እየተመሳሰለ ሄደ፤ ከባሕር ማዶ በመጣው የማተሚያ ፊደል ውስጥም ስላልነበረ አታሚዎች «ዋይ»ን ተኩበት። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ያለው «ዬ» ግን ሌላ ነው፤ እሱ የምር «እናንተ» ነው።

የቃሉን ምንጭ አግኝቶ «እውነተኛ ትርጉሙ ይህ ነው» ብሎ መከራከርም አያዋጣም። «ናይስ» ከላቲን «የማያውቅ» ከሚል ቃል መጥቶ አንድ ዘመን ቂል ማለት ነበር። ዛሬ «ናይስ ነህ» ቢሉዎት አይቀየሙ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን «ጎሲፕ» ነው። መነሻው «ጎድሲብ»፣ ማለትም የክርስትና ዘመድ፤ በቀጥታ የእኛው አበልጅ። ቀጥሎ የቅርብ ወዳጅ ሆነ፤ ከዚያም ምጥ ላይ ላለች ሴት የሚሰበሰቡ ሴቶች ተጠሩበት። እኛ ዘንድ «ማርያም ማርያም» የሚሉት መሆናቸው ነው። መጨረሻው ሐሜት ሆነ። ያ ሁሉ ሰዓት ዝም ብሎ አይቀመጥ!

የመጨረሻው፣ የምታምር ተረት ሰምቶ ማመን ነው። «ፖሽ» (ቅንጡ ማለት ነው) ወደ ህንድ በሚሄዱ መርከቦች የሀብታሞች ትኬት ላይ ከታተሙ አራት ፊደላት የመጣ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ ትኬት ግን አንድም አልተገኘም። እውነተኛው ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተረቱ ይልቅ ይገርማል። «ሎርድ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዳቦ ጠባቂ»፣ «ሌዲ» ደግሞ «ዳቦ አቡኪ» ነበሩ። የቤቱ አገልጋይም የራሱ ቃል ነበረው፦ «ዳቦ በሊ»። ጠባቂውና አቡኪዋ እስከ ዛሬ አሉ፤ የበሊው ስም ጠፍቷል።