ፓኬጃችሁን የበላው ኔትወርኩ ላይሆን ይችላል፦ ማስታወቂያ የታጨቀበት ገፅ ሲያስመርረን የምንሳሳታቸው ነገሮች

እኔ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል ቤት ነው የምሰራው፣ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጀር ከቨር ምናምን እሸጣለሁ፣ ፓኬጅም እሞላለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ መጣች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሰራው፣ ከሺፍት ወጥታ በቀጥታ ነው የመጣችው። ጠዋት የሞላችው የቀን ፓኬጅ ከሰዓት ሳይደርስ አልቋል። "ወንድሜ ስልኬ ዳታ ይሰርቃል፣ እስቲ እየው" አለችኝ። አየሁት። ቪዲዮ አላየችም፣ ቲክቶክም የላትም። የከፈተችው የስራ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ገፆችን ብቻ ነው፣ ፀሀፊ የሚፈልግ መስሪያ ቤት ካለ ብላ፣ ስድስት ሰባት ገፅ ቢሆን ነው። አንዱን አብረን ስንከፍተው ከላይ ቪዲዮ በራሱ ጀመረ፣ ከስር የሚንቀሳቀስ ነገር ተለጠፈ፣ "አፕላይ" የሚሉ ሶስት በተኖች ወጡ፣ ሁለቱ ከስራው ጋር ምንም አይገናኙም። የስራው ማስታወቂያ ራሱ አስር መስመር ነው። አስር መስመር ለማንበብ የአንድ ቀን ፓኬጅ! በጣም ነው ያናደደኝ፣ ይሄን ፅሁፍ የምፅፈውም ለዛ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ተናዶ የሚወስደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያብሰዋል።

"ኔትወርክ የለም" ብሎ መተው

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ገፁ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የምንሰድበው ኔትወርኩን ነው፣ አንዳንዴም እውነት እሱ ነው፣ ግን መለየት ቀላል ነው እኮ። ውክፔዲያን ክፈቱ፣ የንግድ ማስታወቂያ የሚባል የለበትም። እሱ ወዲያው ከመጣ፣ ያኛው ደግሞ እየተሽከረከረ ከቀረ፣ ችግሩ ገፁ ጋር ነው።

ሂሳቡን እንስራው። አንድ የአማርኛ ፊደል አብዛኛው ድረገፅ በሚጠቀምበት አፃፃፍ 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 1000 ቃል ያለው ፅሁፍ ከ20 ኪሎባይት አያልፍም። ኤችቲቲፒ አርካይቭ የሚባል ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድረገፆችን ክብደት የሚመዘግብ ፕሮጀክት አለ፣ በሱ መዝገብ አሁን መሀለኛ የሚባለው ገፅ በስልክም ሲከፈት ከ2 ሜጋ በላይ ነው። ከፅሁፉ 100 እጥፍ ማለት ነው። ማስታወቂያ የታጨቀበት ከሆነ ደግሞ 5ም 10ም ሜጋ ይገባል። ገፁ 10 ሜጋ ከሆነ 100 ሜጋ የሞላ ሰው አስር ገፅ ከፍቶ ጨረሰ፣ በቃ።

ዳታው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ብዙ ማስታወቂያ ያለበትን ገፅ ስትከፍቱ፣ እናንተ ነጭ ስክሪን እያያችሁ ከጀርባ ጨረታ ይካሄዳል፣ "ለዚህ አንባቢ ማስታወቂያ ለማሳየት ስንት ትከፍላላችሁ" ተብሎ ለብዙ ድርጅቶች ይላካል፣ አንዳንዱ ገፅ ላይ የጨረታው ኮድ የሚሰራው እናንተው ስልክ ላይ ነው። 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ይሄን ሁሉ ሲሸከም ይግላል፣ ሀንግ ያደርጋል፣ ባትሪው ይወርዳል። ሰው "ስልኬ አረጀ" ብሎ ሊሸጠው ይዞልኝ ይመጣል። ብዙዎቹ አላረጁም።

ዳታ ሴቨር አብርቶ መተማመን

አንድሮይድ ላይ ያለው ዳታ ሴቨር ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ የመጣ ጥሩ ነገር ነው፣ ስራው ግን ሌላ ነው፦ ያልከፈታችኋቸው አፖች ከጀርባ ዳታ እንዳይበሉ ይከለክላል። እናንተ ራሳችሁ የከፈታችሁትን 10 ሜጋ ገፅ 2 ሜጋ አያደርገውም። ድሮ ክሮም ገፅ የሚያቀልልበት "ላይት ሞድ" የሚባል ነበረው፣ እሱን ጉግል በ2022 እ.ኤ.አ. አጥፍቶታል፣ እስካሁን አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ግን በየቀኑ ይገጥመኛል።

ሪደር ሞድም እንደዛው ነው፣ ብዙ ሰው ዳታ ይቆጥባል ብሎ ያስባል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ገፁ ከወረደ በኋላ ነው ፅሁፉን ለይቶ የሚያወጣው፣ ስለዚህ ዓይናችሁን ያሳርፋል እንጂ ዳታው ቀድሞ ሄዷል። ለማንበብ ግን እኔ ራሴ ሁሌ እጠቀመዋለሁ።

ካሽ ማጥፋት፣ ኢንኮግኒቶ፣ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ

ሶስቱን አንድ ላይ ያደረግኩት ጥፋታቸው አንድ ስለሆነ ነው። ካሽ ማለት ብራውዘሩ አንዴ ያወረደውን ሎጎ፣ ፎንት፣ ኮድ ምናምን አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከስልኩ ላይ የሚያነሳበት ነው። "ስልኬ ይፍጠንልኝ" ብላችሁ በየቀኑ ካሽ የምታጠፉ ከሆነ ያንኑ ነገር በየቀኑ በገንዘባችሁ እንደገና እያወረዳችሁ ነው። የስልኩ ቦታ ሲሞላ ማጥፋት ያስፈልጋል፣ አልክድም፣ የጠዋት ልማድ ማድረግ ግን ኪሳራ ነው። ኢንኮግኒቶም ስትዘጉት ያወረደውን ይጥለዋል፣ ማስታወቂያም በራሱ አይከለክልም፣ ታሪካችሁን ነው ስልኩ ላይ የማያስቀምጠው። ሪፍሬሽ ደግሞ ገፁን አዲስ ማስታወቂያ እንዲያመጣ መጋበዝ ነው።

ኤክሷን ማሳደድ፣ "አላው" መጫን

ማስታወቂያው ላይ ያለችው ኤክስ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ጣት ደግሞ ጣት ነው። ተሳስታችሁ ማስታወቂያውን ትነኩና ሌላ ገፅ ይከፈታል፣ እሱም ሌላ ይከፍታል። አንዳንዷ ኤክስ ጭራሽ ስዕል ናት፣ የማስታወቂያው አካል፣ ስትነኳት ራሱን ማስታወቂያውን ነው የነካችሁት። ስለዚህ ገፁ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ኤክሷን ከማሳደድ ታቡን ራሱን መዝጋት ይሻላል።

አሞራ ገደል አሳ የሚሸጡ አንድ አባት ስልካቸውን ይዘውልኝ መጥተው ነበር፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። "ልጄ ስልኬ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ይሄው በየደቂቃው ይነግረኛል፣ ብሬ ሊወሰድብኝ ነው" አሉኝ፣ ብራቸው ቴሌብር ላይ ነው ያለው። ሳየው ቫይረስ አይደለም። የሆነ የዜና ገፅ ከፍተው ሲያነቡ "አላው" የሚል ነገር መጥቶ እሺ ብለውታል፣ ከዛ በኋላ ያ ገፅ እንደፈለገ ኖቲፊኬሽን ይልክባቸዋል፣ የሚልከውም "ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ እዚህ ይጫኑ" የሚል ነው። አባባ ተረጋጉ አልኳቸው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዛ ኖቲፊኬሽንስ ገብተን ከማያውቋቸው ገፆች ሁሉ ፈቃዱን ነጠቅናቸው፣ አለቀ። እዛው ቦታ ላይ ማንም ገፅ ጭራሽ እንዳይጠይቅ ማድረግም ይቻላል፣ ለእናትና አባታችሁ ስልክ ዛሬውኑ አድርጉላቸው። አንድ ነገር ደግሞ ያዙ፦ ድረገፅ ስልካችሁ ውስጥ ገብቶ ቫይረስ መፈተሽ አይችልም። "ፈትሼ አገኘሁ" ካለ ውሸቱን ነው፣ ሁሌም።

ከቴሌግራም ቻናል "አድ ብሎከር" አውርዶ መጫን

ማስታወቂያው ሲያስመርር ሰው የሆነ ቻናል ላይ "ሞድ የተደረገ" የሚል ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫን የአፕ ፋይል) አግኝቶ ይጭናል፣ ወይም ነፃ ቪፒኤን። ማን ሰራው? አይታወቅም። ቪፒኤን ስትጭኑ ግን የኢንተርኔታችሁ ትራፊክ በሙሉ በባለቤቱ በኩል ነው የሚያልፈው። ኦናቮ የሚባል ነፃ ቪፒኤን ነበር፣ ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. ገዝቶት ሰው የትኞቹን አፖች እንደሚጠቀም መረጃ ይሰበስብበት ነበር፣ 2018 ላይ ከአፕል ስቶር ወጣ፣ በ2019 ተዘጋ። ስሙ የሚታወቅ ኩባንያ እንዲህ ካደረገ ባለቤቱ የማይታወቅ ኤፒኬ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ደግሞ ብዙ ነፃ ቪፒኤን ራሱ በማስታወቂያ ነው የሚኖረው።

የሚሰራውን ልንገራችሁ፣ ምንም ክፍያ የለውም። የስልክ ክሮም ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አይቀበልም፣ ፋየርፎክስ ግን አንድሮይድ ላይ ይቀበላል፣ ከፕሌይ ስቶር ፋየርፎክስን አውርዳችሁ ኤክስቴንሽኖች ውስጥ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚለውን ትጨምራላችሁ። ስሙን በደንብ እዩት፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው አሉ። ይሄ አይመቸኝም የሚል ብሬቭን ያውርድ፣ ማገጃው አብሮት ነው የሚመጣው። ትልቁ ጥቅሙ ማስታወቂያውን መደበቁ አይደለም፣ ከመውረዱ በፊት ስለሚያስቆመው ዳታው ይተርፋል። ሌላው ብራውዘር መቀየር ለማይፈልግ ነው፦ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬት ዲኤንኤስ" የሚል አለ፣ ዲኤንኤስ ማለት ስልኩ የድረገፆችን አድራሻ የሚጠይቅበት ነው፣ እዛ ላይ አድጋርድ የሚባለውን የማስታወቂያ ማገጃ የዲኤንኤስ አድራሻ ብታስገቡ ብዙ ማስታወቂያ አፖች ውስጥም ሳይቀር ይቆማል። ዩቲዩብ ላይ ግን አይሰራም፣ ማስታወቂያውና ቪዲዮው ከአንድ ቤት ስለሚመጡ።

ሁለት ሶስት ማገጃ አንድ ላይ መደራረብ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ገፁም ይበላሻል። አንድ ይበቃል።

ኦፔራ ሚኒን ለሁሉም ነገር መጠቀም

ኦፔራ ሚኒን እወደዋለሁ፣ ከድሮ ስልክ ጀምሮ ብዙዎቻችን ኢንተርኔት የለመድነው በሱ ነው። ኤክስትሪም የሚባለው ሞድ ላይ ገፁ መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ጋ ሄዶ ተጨምቆ ነው ወደናንተ የሚመጣው፣ ቁጠባው የምር ነው። ግን በሌላ ሰርቨር አልፎ ስለሚመጣ በዚህ ሞድ ባንክ ወይም ፓስዎርድ የሚጠይቅ ነገር አትክፈቱ። ዜና ለማንበብ ብቻ።

ውጤት የሚወጣ ቀን መጀመሪያ የመጣውን መጫን

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ሱቄ በተማሪ ይሞላል። ሁሉም ጉግል ላይ ይፅፋል፣ መጀመሪያ የመጣውን ይጫናል፣ ያ ደግሞ ውጤቱን ሳይሆን "ውጤት ለማየት እዚህ ይጫኑ" የሚል ሃያ ማስታወቂያ የተሸከመ ገፅ ሊሆን ይችላል። እየተጨነቀ ያለ ልጅ የመጣለትን ሁሉ ይጫናል፣ እነሱም ይሄን ያውቃሉ። ከላይ የሚመጣው ተከፍሎበት የወጣም ሊሆን ይችላል፣ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ በታህሳስ 2022 እ.ኤ.አ. ወንጀለኞች ታዋቂ ድርጅት መስለው የፍለጋ ማስታወቂያ እየገዙ እንደሆነ አስጠንቅቆ ሰው አድ ብሎከር እንዲጠቀም መክሯል። የፈተናዎች አገልግሎትን አድራሻ ከፈተናው በፊት ቡክማርክ አድርጋችሁ ያዙት፣ ውጤት በቴሌግራም ቦትም ይወጣል፣ ቦቱንም ከራሱ ከመስሪያ ቤቱ ቻናል ነው መክፈት ያለባችሁ።

ሁሉንም እኩል ማገድ

ይሄ የኔ አቋም ነው፣ የማይስማማ አይስማማ። በአማርኛ፣ በሲዳምኛ በርትተው የሚፅፉ፣ አንድ ሁለት ልከኛ ማስታወቂያ ብቻ ያላቸው ሰዎች አሉ፣ የሚኖሩት በዛ ነው። ማገጃው ላይ እነሱን መፍቀድ ሁለት ሰከንድ ነው። ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረውንና የውሸት በተን የሚያስቀምጠውን ግን አልራራለትም።

ሊንክ ብቻ መላክ

አራት አምስት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የፓርኩ ልጆች አሉ፣ አንዷ ስራ ስታገኝ ሊንኩን ግሩፓቸው ላይ ትለጥፋለች፣ ከዛ አራቱም ያንን 10 ሜጋ ገፅ እየከፈቱ 40 ሜጋ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ ሊንኩ ስር "ኢንስታንት ቪው" የሚል ከመጣ እሱን ተጫኑ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ፅሁፉን ያለ ገፁ ማስታወቂያ ያመጣዋል። ለሁሉም ገፅ ግን አይመጣም። ስለዚህ የከፈተችው ልጅ ፅሁፉን ኮፒ አድርጋ ትላከው፣ አንድ የቴሌግራም መልዕክት 4096 ፊደል ይይዛል፣ ለአብዛኛው የስራ ማስታወቂያ ይበቃል።

መጀመሪያ ላይ ለነገርኳችሁ ልጅም ያደረግኩላት ይሄንኑ ነው። አስሯን መስመር ኮፒ አድርጌ ላኩላት፣ የስራ መደቡን፣ የመመዝገቢያውን የመጨረሻ ቀን፣ ሰነድ የሚገባበትን ቦታ ሳላስቀር፣ ሊንኩንም ከስር አስቀመጥኩት፣ አንዳንዱ ማስታወቂያ የውሸት ስለሆነና "ለመመዝገቢያ ይሄን ያህል ብር ላኪ" የሚል ከመጣ ምንጩን ማየት ስላለባት። ፋየርፎክሱን በኔ ዋይፋይ ጫንንላት፣ ማገጃውን ጨመርን፣ ያንኑ ገፅ እንደገና ከፈተችው። ቪዲዮው የለም፣ "አፕላይ" የሚለው በተንም አንድ ብቻ ቀረ። ቁጭ ብላ ፎርሙን እዛው ሱቁ ውስጥ ሞላችው።