ሁለቱ ኃይለኞች ገና በመጀመሪያው ዙር ሲገናኙ፦ የውድድር ድልድል ችግርና መፍትሄ

የክረምት ኳስ ድልድል ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ «ና አስተካክልልን» እየተባልኩ ተጠርቻለሁ። የነጥብ አያያዝና ፎርፌ ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ።

ምልክት፦ ፍጻሜው ይቀዘቅዛል። ሰው ሁሉ «ዋንጫው እኮ ሩብ ፍጻሜ ላይ አለቀ» ይላል።

ምክንያት፦ የአንድ ምድብ ቡድኖች በጥሎ ማለፉም እርስ በርስ እንዲጋጠሙ ድልድሉ አስቀድሞ ተቆልፏል። አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው።

የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል ያን ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ይዞም ይኸው ችግር አለበት። አሁን 32 ቡድኖች በ4 ምድብ ተከፍለው 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፋሉ። ከእኤአ 2013-14 ጀምሮ የየምድቡ 2ኛ ከ3ኛው ጋር ይጋጠማል። በ2016-17 ዋሽንግተን 118፣ ፒትስበርግ 111፣ ኮሎምበስ 108 ነጥብ አመጡ። ሦስቱም አንድ ምድብ ናቸው። ከሊጉ በሙሉ 2ኛና 4ኛ የወጡት ፒትስበርግና ኮሎምበስ በመጀመሪያው ዙር ተገናኙ፤ ኮሎምበስ ከአምስት ጨዋታ አራቱን ተሸንፎ ተሸኘ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ 1ኛው ዋሽንግተን በዚያው በፒትስበርግ ወደቀ። ያሳዝናል።

እኛም ጋ ያው ነው። አራት ኪሎ አንድ ሜዳ ላይ ድልድሉ በካርቶን ተጽፎ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁለቱ ያልተሸነፉ ቡድኖች ሩብ ፍጻሜ ላይ ተላተሙ። የተሸነፈው በረኛ ጓንቱን ሳያወልቅ ካርቶኑ ፊት ቆመ። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ «ለምን እኛ?» አለኝ። በሌላው ወገን አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ግማሽ ፍጻሜ ገብቷል። ምን ልበለው?

መፍትሄ፦ ምድቡ ለመደበኛው ጨዋታ ይሁን፤ ጉዞ ይቀንሳል፣ ደርቢ ይደምቃል። ጥሎ ማለፍ ሲመጣ ግን ምድቡን እርሱት። ያለፉትን በነጥብ ከ1 እስከ 8 ደርድሩ፤ 1ኛው ከ8ኛው፣ 2ኛው ከ7ኛው ይጋጠም። ከየዙሩ በኋላ እንደገና ደርድሩ። የጨዋታው ብዛት ከምድብ ምድብ ከተለያየ ነጥቡን ለጨዋታው ቁጥር አካፍሉ። «እጣ ይውጣ» የሚላችሁን አትስሙ። ልጆቹ የለፉበትን ነጥብ በብጣሽ ወረቀት መጣል ነው።

ደንቡን ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት አንብቡላቸው። በመሃል አትንኩት። እደግመዋለሁ፣ በመሃል አትንኩት!

ምልክት፦ ሁለቱም ቡድን መጨረሻ ላይ አቻ ይዞ ያዘግማል። ምክንያቱ በጭማሪ ሰዓት ለተሸነፈም 1 ነጥብ መሰጠቱ ነው፤ በሆኪው 2 የነበረው የጨዋታ ነጥብ 3 ይሆናል። በመደበኛው ሰዓት ላሸነፈ 3፣ በጭማሪ ላሸነፈ 2 ስጡ።

ምልክት፦ አንድ ቡድን ሁልጊዜ ይዘገያል። ምክንያቱ ምድቡ በድሮ አድራሻ መሠራቱ ነው። የአትላንታው ሆኪ ቡድን በእኤአ 2011 ወደ ካናዳ ዊኒፔግ ሲሄድ ሁለት ዓመት ከሩቋ ፍሎሪዳ ቡድኖች ጋር ተመድቦ ቆይቷል። የካዛንቺስ ልጆችም ሰፈሩ ሲነሳ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ገብተዋል። ስማቸውን አትቀይሩ፤ ጨዋታቸውን ግን ከ9 ሰዓት በኋላ አድርጉላቸው።