ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲጠፋ

ደብረ ማርቆስ የሠርግ ቪዲዮ የምናስቀምጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስንሰካው መብራቱ ይበራል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ያየው ሁሉ «ተበላሽቷል፣ ፎርማት አድርጉት» አለ። እባካችሁ፣ የሰው ሠርግ ያለበትን ዲስክ በቀላሉ ፎርማት አታድርጉ፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል! ችግሩ ኃይል ማነሱ ነበር። ዩኤስቢ 2.0 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ 900፤ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ግን ለአፍታ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል፣ ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁም ይወርዳል። የዴስክቶፑን የፊት ፖርት ትቼ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ካለው ሰማያዊ የ3.0 ፖርት በአጭር ገመድ ሰካሁት። ወዲያው ተነሳ። ላፕቶፑ ላይ አሁንም እምቢ ስላለ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ (የዩኤስቢ ፖርት ማብዣ) ገዛሁለት፣ አሁን በዚያ ነው የምንሠራው። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ስለሚፈልግ ከራሱ አዳፕተር ጋር ነው የሚሰካው።