ስቶል ኮንቨርተር ገጠምኩ፣ መኪናዬ ግን ባሰበት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

እዚህ ቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብዙ ጊዜ የማየው የሐበሻ ልጆችን መኪና ነው፣ ካማሮ፣ ማስታንግ፣ ቻርጀር፣ አንዳንዴም የድሮ ሲልቬራዶ። እና የሚገርመኝ፣ ካምቢዮዬ ሞተ ብሎ ከሚመጣው ውስጥ ስንቱ ካምቢዮው ደህና ነው መሰላችሁ፣ ችግሩ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያሻግረውን ክፍል፣ በስቶል ቁጥር ብቻ መግዛቱ ነው። "3600 ስጠኝ" ይላል፣ የጫማ ቁጥር ይመስል። የምጽፈው በብዛት ከ1998 እስከ 2002 በተሰራው ኤልኤስ1 ሞተር ባለው ካማሮና በ4ኤል60ኢ ካምቢዮው ላይ ተነስቼ ነው፣ እሱን ነው ብዙ የፈታሁት፣ ሐሳቡ ግን ለሌላውም ይሰራል።

ስቶል ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። ኮንቨርተር ውስጥ ሁለት ፋኖች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ የገፋው ዘይት ሌላኛውን ያዞርና ወደ ካምቢዮ ይሄዳል። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ስቴተር የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ታስይዘዋለች፣ መኪናው ሲነሳ ጉልበት የሚበዛውም በሷ ነው። ስቶል ማለት እንግዲህ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቆሞ ነዳጅ ሙሉ ስትረግጥ ሞተሩ የሚደርስበት ዙር ነው። ይሄ ቁጥር ግን ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈ ቋሚ አይደለም፣ ጉልበት ያለው ሞተር ጋር ያው ኮንቨርተር ከፍ ይላል፣ ደካማው ጋር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጓደኛህ መኪና ላይ 3200 የሆነው ያንተ ላይ 2800 ቢሆን ሻጩን ሌባ አትበለው።

"ዲ ሳስገባ ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል፣ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ካልያዝኩ መኪናው ይገፋኛል"

ይሄ ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካም) ቀይሮ ኮንቨርተሩን ፋብሪካ የሰራውን የተወ ሰው ነው። ትልቅ ካም ከታች ያለውን ጉልበት ይበላል፣ የፋብሪካው ኮንቨርተር ደግሞ 300 ሚሊሜትር የሆነ ሰፊ ጥብቅ ነገር ነው፣ ከ2000 አርፒኤም (ዙር በደቂቃ) በታች ነው ስቶሉ፣ ሞተሩ ገና ሳይነቃ ጭነት ይጭንበታል። አንዳንዱ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዙር) ከፍ በማድረግ ይሸፍነዋል፣ እሱ ግን መገፋቱን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። መፍትሄው ከካሙ ጋር የሚሄድ ኮንቨርተር ነው። ካሙ ቫልቩን ከፍቶ የሚያቆይበት (ዱሬሽን) በ0.050 ኢንች ሊፍት ሲለካ ወደ 220ዎቹ ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ እኔ ከ3000 እስከ 3400 ድረስ አስባለሁ፣ ካም ያልነካ መኪና ግን 2600 ወይ 2800 በቂው ነው፣ ከዛ በላይ ለመንገድ መኪና ጩኸት መግዛት ነው።

"ነዳጅ እሰጣለሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይከተልም"

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። መጀመሪያ ኮንቨርተሩ ነው ወይስ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ክላቾች ናቸው የሚንሸራተቱት? የላላ ኮንቨርተር በሁሉም ማርሽ ያው ነው፣ 1ኛም 2ኛም 3ኛም ላይ እኩል ልል ይላል። በ1ኛና በ2ኛ ጥሩ ሄዶ 3ኛ ሲገባ ብቻ ዙሩ ብድግ የሚል ከሆነ ግን ኮንቨርተሩን ተወው፣ 4ኤል60ኢ የታወቀ ድክመቱ የ3ኛና የ4ኛ ማርሽ ክላች ነው፣ እሱ ተቃጥሎ አዲስ ኮንቨርተር ብትገጥምለት ገንዘብህን መጣል ነው።

ሎክአፑ (ፍጥነት ላይ ኮንቨርተሩን ቆልፎ መንሸራተቱን የሚያስቀረው ክላች) መያዙን ደግሞ እንዲህ እይ፦ በ55 ማይል 4ኛ ማርሽ ላይ እግርህን ሳታነሳ ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ከዛ በግራ እግርህ የፍሬኑን ፔዳል የኋላ መብራት እስኪበራ ያህል ብቻ ንካው። የፍሬኑ ስዊች ሎክአፑን ይለቀዋል፣ ዙሩ ወዲያው ከፍ ካለ ሎክአፑ ይዞ ነበር ማለት ነው። ምንም ካልተነቃነቀ መጀመሪያውኑ አልያዘም።

አሁን ሎክአፑ ይዞ ሞተሩ በስንት ዙር እንደሚሄድ ሒሳቡ። ፍጥነት በማይል ሲባዛ በዲፈረንሻል ሬሾ ሲባዛ በማርሽ ሬሾ ሲባዛ በ336፣ ሲካፈል ለጎማው ቁመት በኢንች። ካማሮ ላይ ጎማው 26 ኢንች ገደማ ነው፣ 4ኛ ማርሽ 0.70 ነው። በ65 ማይል 2.73 ዲፈረንሻል ያለው 1600 አርፒኤም ላይ ይሄዳል፣ 3.23 ያለው 1900፣ 3.73 ያለው 2200 አካባቢ። አውቶማቲኩ ካማሮ ብዙ ጊዜ 2.73 ይዞ ነው የወጣው፣ እና 2.73 ላይ 3600 ስቶል የገጠመ ሰው ሎክአፑ ካልያዘለት ቀኑን ሙሉ ዘይት እየናጠ ነው የሚውለው። 3600 ስቶል ማለት መኪናው 3600 ሳይደርስ አይሄድም ማለት አይደለም ግን፣ ቀስ ብለህ ስትረግጥ በ1500ም ይሄዳል፣ መንሸራተቱ ነው የሚበዛው። መፍትሄው ሁለት ነው፣ ወይ ዲፈረንሻሉን ወደ 3.42 ወይ 3.73 ትቀይራለህ ወይ ስቶሉን ታወርዳለህ። ከባድ መኪና ከሆነ ደግሞ የኋላውን ዲፈረንሻል ሳትነካ ስቶል አትጨምር።

"ይሞቃል፣ ዘይቱ ጠቆረ"

ባለፈው ሐምሌ አንድ ልጅ ከቤልትዌይ (ዋሽንግተንን ከሚዞረው ሀይዌይ) ትራፊክ ወጥቶ ቀጥታ ወደኔ መጣ፣ መኪናው ከስር የጋለ ምጣድ ይሸታል። የዘይት መለኪያውን ስቤ በጣቴ አሸሁት፣ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ያረረ ሽሮ መስሏል፣ ጥቁር ብናኝም ጣቴ ላይ ቀረ። ስካነር ሰክቼ የካምቢዮውን ሙቀት ሳየው 240 ፋራናይት። ካሙ የፋብሪካው፣ ዲፈረንሻሉ 2.73፣ ኮንቨርተሩ 3600፣ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ (ኩለር) የለውም፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ ብቻ። ምን ልበለው።

የካምቢዮ ዘይት ከ175 እስከ 200 ፋራናይት ላይ ነው የሚመቸው፣ 240 ሲደርስ መበላሸት ይጀምራል፣ ከዛ ሲያልፍ ጎማ ሲሎቹም ይደርቃሉ። መካኒኮች በየ20 ዲግሪው ጭማሪ የዘይቱ ዕድሜ ግማሽ ይሆናል ይላሉ፣ በግምት ነው። የልጁ ኮንቨርተር 2800 ተደርጎ ተሰርቶ መጣ፣ ከራዲያተሩ ፊት ትልቅ የፕሌት ኩለር ገጠምን፣ ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ ከዛ በኩለሩ አልፎ እንዲመለስ አደረግን፣ አሁን በዛው ትራፊክ 190 አካባቢ ነው። እኔን ብትሰሙኝ ኮንቨርተር ከመግዛታችሁ በፊት ኩለር ግዙ፣ ጓደኛ አያየውም፣ ድምጽም የለውም፣ ግን ካምቢዮውን የሚያቆየው እሱ ነው።

"ከ45 ማይል በላይ ይንቀጠቀጣል"

መንገድ ዳር ያንቀላፋ ሾፌር የሚያነቃውን ሸንተረር የረገጥክ ከመሰለህና ነዳጁን ስትለቅ ከጠፋ፣ ሎክአፑ ሲይዝ እየተንሸራተተ ነው። መጀመሪያ ዘይቱን በትክክለኛው ዴክስሮን 6 ቀይር፣ አንዳንዴ እሱ ብቻ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተሩ ፒ1870 የሚባል የብልሽት ኮድ ካሳየህ ደግሞ ኮንቨርተሩ ላይ አትፍረድ፣ በዚህ ካምቢዮ ላይ ቫልቭ ቦዲው (የካምቢዮውን ዘይት የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ሎክአፑን የሚቆጣጠረው ቫልቭ የሚቀመጥበት ቀዳዳ እየተበላ ነው ያ ኮድ የሚመጣው፣ ቀዳዳውን የሚያስተካክል ኪት አለ።

"ገና ከገጠምኩት ጀምሮ ያፏጫል፣ ወይ ጭራሽ አይሄድም"

ይሄን እኔ ራሴ ሰርቼዋለሁ፣ አልደብቅም። ኮንቨርተሩ ሲገባ ሦስት ቦታ ይይዛል፣ የመጨረሻው ፓምፑ ነው። እኔ ሁለቱን ሰምቼ ገባ አልኩና ካምቢዮውን ሞተሩ ላይ በብሎን ስቤ አጠጋሁት፣ የፓምፑ ሮተር ተሰነጠቀ፣ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ሄደ። ስለዚህ 1 ሊትር ገደማ ዘይት ውስጡ ጨምረህ እያዞርክ ግፋው፣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ እያለ ሦስቴ ይወርዳል። ካምቢዮው ሞተሩ ላይ ከተጠጋ በኋላም ኮንቨርተሩ በእጅ መዞር አለበት፣ ከፍሌክስፕሌቱም (ሞተሩ ጫፍ ላይ ኮንቨርተሩ ከሚታሰርበት ሳህን) ከ1/8 እስከ 3/16 ኢንች ክፍተት ይኖረዋል፣ በዛ ሲል ዋሸር ታስገባለህ። ክፍተት ከሌለ አውርደው፣ "በብሎን ይጠብቃል" የሚል ሰው ካለ ከጋራዡ አስወጣው።

ስቴተሯ ስትበላሽ ምልክቱ ቀላል ነው። በሁለቱም በኩል በነጻ የምትዞር ከሆነ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ደካማ ነው፣ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ግን ደህና ይሆናል። ተቆልፋ ከቀረች በተቃራኒው ጥሩ ይነሳል፣ ሀይዌይ ላይ ግን ይታነቃል፣ ይሞቃልም። በሁለቱም ኮንቨርተሩ መውረድ አለበት።

ስልክ ደውላችሁ ስታዙ የመኪናውን ክብደት፣ የጎማውን ቁመት፣ የዲፈረንሻሉን ሬሾና የካሙን ወረቀት ይዛችሁ ደውሉ። ሻጩ አንዱንም ሳይጠይቅ "3600 አለኝ፣ ነገ ይደርስሃል" ካለ ስልኩን ዝጉት። ብዙ ደህና ሰሪዎች ስቶሉ ካልተመቻችሁ አንዴ ከፍተው ያስተካክላሉ፣ ይሄ ዕድል መቼ እንደሚያበቃና ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ እቃው ከባድ ስለሆነ ማጓጓዣው ቀላል አይደለም።